የስድስት ቁጥር አማና

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ግንቦት ላይ፣ አሶሳ ውስጥ፣ የከተማው ሰው ሁሉ «አሮጌው ሆቴል» በሚለው ቤት ነው። ዓመት አለፈው። እስከ ዛሬ ግን ዶሮ መሬት ስትጭር ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። የሚስቅብኝ ካለም ይሳቅ፤ ያንሰኛል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ ግልጽ አይሆንም። ሃያ ሦስት ዓመት ኬላ ላይ ፈታሽ ነበርኩ። ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ጆንያ በብረት ስወጋ፣ ጄሪካን ሳንኳኳ፣ የተሳፋሪ ዓይን ሳጠና ነው የሸበትኩት። ከማሽላ ውስጥ ወርቅ አውጥቻለሁ። ከሳሙና ውስጥ ወርቅ አውጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ከበግ ላት ሥር የታሰረ ወርቅ አግኝቼ ወሬው እስከ ባምባሲ ደርሶ ነበር። ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲል ይተርታል፤ ለእኔ ግን ተረት ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነበረች። ባለቤቴ ጫልቱ ለጎረቤት ስታማኝ «በሠርጋችን ቀን የሚዜዎቼን ስጦታ ሳይዳብስ አላስገባም» ትላለች። አልዋሸችም።

ጡረታ ስወጣ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ጫልቱ ከገበያ የምታመጣውን ዘንቢል እያስቆምኩ ማየት ስጀምር እሷም አልቻለችኝም። «ሂድና አንድ ሥራ ፈልግ፣ አለዚያ እኔ እሄዳለሁ» አለችኝ። እንደዚያ ነው አሮጌው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የተቀጠርኩት።

ቤቱን የማያውቀው ካለ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቀርከሃ ነው። ፊት ለፊቱ ረጅም በረንዳ አለው፤ ግቢው ውስጥ ሦስት የማንጎ ዛፎች አሉ። ስምንት ክፍል ብቻ ነው። የሠሩት ሃጂ በንጉሡ ዘመን በበቅሎ የሚነግዱ ሰው ነበሩ ይባላል። አውቶቡስ መጀመሪያ የቆመው እዚያ በር ላይ ነው። የተጣላ ሰው የሚታረቀው እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ከጓሮ ያለው ትልቁ ክፍል ደግሞ ከገጠር ወደ ሆስፒታል ለሚመጣ ሕመምተኛ አስታማሚ በነጻ የሚተኛበት ነው፤ ሃጂው ያ እንዳይነካ ተናዝዘው ነው የሞቱት። እኔ ራሴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ዝናብ ይዞን ሁለት ቀን የተጠለልነው እዚያ በረንዳ ላይ ነበር። ከዚያ ስም ወደሌላት፣ ቁጥር ብቻ ወዳላት መንደራችን ወሰዱን።

የአሁኗ ባለቤት ወይዘሮ ሐሊማ የሃጂው የልጅ ልጅ ናት። የቀጠረችኝ ቀን ግቢውን አዙራ አሳየችኝ።

«ጋሽ ይመር፣ ቤቱ ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብልን አመልክተናል» አለችኝ። «ሊያዩ ሲመጡ ሁሉም ነገር ሥርዓት ይዞ ይጠብቃቸው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይዩልኝ። ስድስት ቁጥርን ግን ለሼህ ሐሚድ ይተዉላቸው።»

«ስድስት ቁጥር ውስጥ ምን አለ?» አልኳት።

«የሼህ ሐሚድ ነገር ነው» ብላ ወደ ሰባት ቁጥር አለፈች።

ሃያ ሦስት ዓመት የፈተሸ ሰው «ይህችን ተዋት» ሲሉት ምን እንደሚያስብ ልንገራችሁ። የቀረውን ሰባት ክፍል እንኳ በደንብ አላየሁትም።

ሼህ ሐሚድ የሆቴሉ ጠባቂ ናቸው። የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ ከሃጂው ጋር በቅሎ የነዱ ሰው ናቸው ይባላል። ዓይናቸው ሞራ ለብሶት ሰውን የሚለዩት በድምፅ ነው። የስድስት ቁጥር ቁልፍ በጥቁር ገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሲሰግዱም አያወልቁትም።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ዓይኔ ሥር መጣ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ይመጣል። አልጋ አይጠይቅም፣ ሻይ አይጠጣም። በቀጥታ ወደ ሼህ ሐሚድ ሄዶ ከኪሱ አንዲት ቡትቶ ጨርቅ ያወጣል። እሳቸው ጨርቋን በጣታቸው ይዳብሱና ተነስተው ስድስት ቁጥር ይገባሉ፤ በሩን ይዘጋሉ። ሲወጡ ጥቅል ይዘዋል። ሾፌሩ ጥቅሉን ተቀብሎ፣ እጃቸውን ስሞ ይሄዳል። ፊርማ የለ፣ ደረሰኝ የለ። በማግስቱ ደግሞ አንዲት ሴት መጣች፤ እሷም ጨርቅ ይዛለች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ወጣቶች ከካማሺ በኩል መጡ፤ እነሱም እንደዚያው።

ጫልቱ ሌሊት እየተገላበጥኩ ስታየኝ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ዲሲ፣ ተው» አለችኝ በኦሮምኛዋ። «ሽማግሌውን ምን አድርጉ ትላቸዋለህ? ከሰው አትጣላ።»

አልተውኩም። ሼህ ሐሚድን በረንዳ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ጠየቅኳቸው። በኬላ አጠያየቄ አልነበረም፤ ለስላሳ ነበርኩ።

«ሼህ ሐሚድ፣ እዚያ ክፍል ምንድነው ያለው?»

«አማና ነው» አሉኝ። እኛ አደራ የምንለውን ማለታቸው ነው።

«አደራው ምንድነው?»

«አላውቅም።»

«ማነው ያስቀመጠው?»

«ባለቤቱ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ኬላ ላይ አንድ ሰው ጭነቱ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «አላውቅም»፣ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ «የባለቤቱ» ካለ፣ ያንን ሰው ከመኪና አውርደን ነው የምናነጋግረው። ልቤ ደነገጠ። ሽማግሌውን ወድጃቸው ነበርና ጭምር ነው የደነገጥኩት። ዓይናቸው አያይም፤ የኮንትሮባንድ ሰዎች ተጠቅመውባቸው ይሆናል አልኩ። ቅርስ መዝጋቢዎቹ መጥተው ያ በር ቢከፈትና ውስጡ የማይሆን ነገር ቢገኝ፣ የሃጂው ቤት ስም በቅርስ መዝገብ ፋንታ ፖሊስ መዝገብ ላይ ሊገባ ነው። እኔም ከጡረታ በኋላ በስተርጅና ልጠየቅ ነው።

ቁልፎቹን ስሞክር የአምስት ቁጥር ቁልፍ፣ በሩን ትንሽ ከፍ አድርገው ከያዙት፣ ስድስትንም እንደሚከፍት ቀደም ብዬ አውቄአለሁ። ለምን እንደሞከርኩ አትጠይቁኝ። አመል ነው።

ዓርብ ቀን ሼህ ሐሚድ ለጁምዓ ሶላት ሲወጡ ጠብቄ ገባሁ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። በአራቱም ግድግዳ የቀርከሃ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ጥቅል፣ ከረጢት፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ በሻሽ የታሰረ ነገር ተደርድሯል። ሠላሳ ያህል ይሆናል። አንዳንዱ ላይ አቧራው ጣት ያስጠልቃል። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ የተቀደደ ጨርቅ ታስሯል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ባለ አበባ፣ አንዱ ከነጭ ጀለቢያ የተቀደደ። ምልክት መሆኑ ገባኝ። የምን ምልክት እንደሆነ ግን በራሴ መንገድ ነው የተረጎምኩት። ይህ ለእገሌ፣ ይህ ለእገሌ የሚባልበት፣ የደላላ ምልክት ነው አልኩ።

መፍታት ጀመርኩ። ከበሩ በስተቀኝ ተነስቼ በየተራ። ጨርቁን እፈታና መሐል ወለሉ ላይ እጥላለሁ፤ ጥቅሉን እዘረግፋለሁ፤ አይቼ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አገኘሁ። የሞተ ሬዲዮ አገኘሁ። ዛቢያ የሌለው መቆፈሪያ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ፎቶግራፎች፣ የቤት ቁልፍ። ቁልፎች ብዙ ነበሩ፤ ለምን ሰው ቁልፍ አደራ እንደሚሰጥ ያኔ አላሰብኩም። ወርቅ የለም። ዶላር የለም። እየተናደድኩ ሄድኩ። አልሰውርባችሁም፣ ማግኘት ፈልጌ ነበር።

ወደ መጨረሻው ገደማ፣ በግራ ጥግ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ የሱዳን ሴቶች ከሚለብሱት ቶብ በተቀደደ ሰማያዊ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አነሳሁ። ከበደኝ። ፈታሁት። ቀይ ማሽላ ነው፤ አንድ ጣሳ ተኩል ቢሆን ነው፤ ከአመድ ጋር ተለውሷል።

እዚህ ላይ ነው የማፍረው። የገበሬ ልጅ ነኝ። እህል ከአመድ ጋር የሚቀመጠው ነቀዝ እንዳይበላው መሆኑን፣ እንደዚያ ሆኖ የሚቀመጥ እህል ደግሞ ምን ዓይነት እህል እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ገበሬው ይመር እዚያ አልነበረም። የነበረው የኬላው ይመር ነው። ለኬላው ይመር አመድ ማለት የወርቅ ብናኝ መደበቂያ ነው።

ከወጥ ቤት ሰፌድ አመጣሁ። ብርሃን እንዳገኝ በረንዳው ደረጃ ላይ ወጥቼ ማሽላውን ሰፌዱ ላይ ደፋሁት። በጣቴ አበጠርኩት፣ አመዱን ነፋሁት፣ ፍሬውን ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። ማሽላ ነው። ማሽላ ብቻ።

ያኔ መልሼ መቋጠር ነበረብኝ። ነገር ግን ኬላ ላይ ልማዳችን ሌላ ነው። ፈታሽ ይፈታል፤ የሚያስረው ባለንብረቱ ነው። በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ጆንያ መልሼ ሰፍቼ አላውቅም። መኪናው ይቸኩላል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እኛ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። እኔም ሰፌዱን ደረጃው ላይ ትቼ፣ የቀረ አንድ ሳጥን ነበርና እሱን ልከፍት ተመልሼ ገባሁ። ሳጥኑ ውስጥ የሠርግ ልብስ ነበር።

ስወጣ የሆቴሉ ዶሮዎች በሙሉ ደረጃው ላይ ናቸው። የጎረቤት ፍየልም መጥታለች። ሰፌዱ ተገልብጧል፤ ፍየሏ የመጨረሻውን እየላሰች ነው። አባረርኳቸው። መሬት ላይ የቀረው ከአመድና ከአቧራ ጋር የተረጋገጠ ፍርፋሪ ነው። «ምን አለበት፣ ማሽላ ነው፤ ከገበያ ገዝቼ እተካለሁ» አልኩ በልቤ። ፈታሽ ሆኜ ያልኩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ሼህ ሐሚድ ከመስጊድ ሲመለሱ ደረጃው ሥር ቆሙ። አመዱ ሸተታቸው መሰለኝ። ጎንበስ ብለው መሬቱን ዳበሱ። ከዚያ በሩ ክፍት መሆኑን በነፋሱ ነው መሰለኝ ያወቁት። ገብተው ወለሉ መሐል የተከመረውን ጨርቅ በእጃቸው አገኙት። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። ቁጭ አሉ።

«ይመር» አሉኝ በሰባራ አማርኛቸው፣ «እኔ አርባ ዓመት እዚህ ጠበቀ። አንድ ቀን አልከፈተም። አንተ ጨርቁን ሁሉ ፈታ?»

«ፈታሁ» አልኩ።

ያኔ ነው ነገሩን ያስረዱኝ። ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ከለበሰው ላይ ጨርቅ ይቀድዳል፤ ያንን መልሶ መሐል ለመሐል ይቀድደዋል። ግማሹ ዕቃው ላይ ይታሰራል፣ ግማሹን ባለቤቱ ይዞ ይሄዳል። የተቀደደ ጨርቅ ጠርዙ ከራሱ ግማሽ በቀር ከማንም ጋር አይገጥምም። ባለቤቱ ቢሞት ልጁ ጨርቁን ይዞ ይመጣል። ስም አይጻፍም፣ ምን እንዳለበት አይጠየቅም። በበቅሎ ዘመን ነጋዴዎች ጀመሩት፤ ኋላ ድንበር የሚሻገር፣ ከመንደሩ የሚነሳ፣ ካምፕ የሚገባ ሁሉ እዚያ ያስቀምጥ ጀመር። ያየኋቸው ቁልፎች ሰዎቹ ትተውት የሄዱት ቤት ቁልፎች መሆናቸው ያኔ ገባኝ። የእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት የሚታወቀው በዚያች ጨርቅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳውን ጨርቅ አንድ ላይ ከምሬዋለሁ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል።

አንድ ነገር ብቻ አዳነን። ሼህ ሐሚድ የትኛው ጨርቅ የትኛው መደርደሪያ ላይ፣ በስንተኛው ተራ እንደነበር በጣታቸው ያውቃሉ። እኔ ደግሞ የትኛውን ዕቃ ከየት ቦታ እንዳነሳሁ አልረሳም፤ ኬላ ላይ ያለ ሰው የትኛው ሻንጣ ከየትኛው ወንበር ሥር እንደወጣ ከረሳ ሥራው አበቃ። እሳቸው ጨርቅ እየዳበሱ «ይሄ ከመስኮት ሥር፣ ሦስተኛ» ይላሉ፤ እኔ ሦስተኛውን ፈልጌ አስራለሁ። አንድ ጊዜ «ይህ ሰርተፊኬት ያለበት ነው» ማለት ስጀምር እጃቸውን አፌ ላይ ጫኑ። ምን እንዳለ መስማት አልፈለጉም። ቅዳሜ ማታ ጨረስን። ሁሉም ቦታው ገባ። በመጨረሻ እጃቸው ላይ አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ቀረ፤ የሚታሰርበት ዕቃ ግን የለም።

«ይሄ የአሻ ነው» አሉ። «ሆስፒታል ልጁን አመጣ፣ እዚህ ጓሮ ተኛ። ከዚያ ሸርቆሌ ስደተኛ ካምፕ ገባ። እሱ ሴትዮ ይመጣል። ምን እላለሁ?»

ለወይዘሮ ሐሊማ ራሴ ሄጄ ነገርኳት። ብታባርረኝ በወደድኩ። «መጥታ ስትጠይቅ የሚመልስላት ሰው ያስፈልጋል። አንተ ትመልሳለህ» አለችኝ። አንቱ ማለቷን ተወችው። ለዚያ ቀን ይገባኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት የከፋ ነበር። ገበያ ወጥቼ ማሽላ ሁሉ አየሁ፤ የዚያ ዓይነት ቀይ ግን የለም። ግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እበረግጋለሁ። ኬላ ላይ መኪና ሲቆም ጉዳይ ያለበት ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነበር በረንዳው ላይ የምቀመጠው። ጫልቱ እንኳ ማሾፉን ተወች።

የፈሩት ይደርሳል፤ ሰኔ መግቢያ ላይ አሻ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። ሰማያዊ ቶብ ለብሳለች፤ ጫፉ ተቀዷል። ሼህ ሐሚድ ሊነሱ ሲሉ «እኔ ልናገር» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወርቅ ፈልጌ እንደሆነ ሳይቀር። ያልገባትን እሳቸው በበርታ ቋንቋ ያስረዷት ነበር።

ግማሽ ጨርቋን አውጥታ መዳፏ ላይ ዘረጋች። ከዚያ በሰባራ አማርኛዋ ተናገረች፤ የምታናግረው እኔን ሳይሆን ግማሽ ጨርቋን ይመስል ነበር።

«ካምፕ ይዤ ቢገባ፣ ልጆች ይበላል። ራብ ሲመጣ እኔም ይበላል። ስለዚህ እዚህ አስቀመጠ። ሁለት ክረምት ልጆች አለቀሰ፣ እኔ ‹ማሽላ የለም› አለ። የአባቴ ዘር ነው። አሁን ኩርሙክ ዘመድ መሬት ሰጠ። ልዘራ መጣ።»

ልጆቿ እየተራቡ ያልነካችውን እኔ ለዶሮ ሰጠሁ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በስድሳ አንድ ዓመቴ። እሷ አላለቀሰችም።

«የት ደፋ?» አለችኝ።

ደረጃውን አሳየኋት። ደረጃውን አልፋ ወደ ታች፣ የበረንዳው ውሃ ወደሚወርድበት ቦይ ሄደች። ማሽላውን የደፋሁ ዓርብ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ቦዩ ዳር፣ ድንጋዩ ሥር፣ ሳር በቅሏል። በየቀኑ አየዋለሁ፤ እንዲያውም ማጭድ አምጥቼ ላጸዳው ሁለት ጊዜ አስቤ ነበር። አሻ ተንበርክካ ሳሩን በጣቷ ለየችው። ግንዱ ሥሩ ላይ ቀላ ያለውን ያዘችና ቀና ብላ አየችኝ።

ማሽላ ነው። የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማሽላን ሳር ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አሥራ ዘጠኝ እግር ቆጠረች። ከወጥ ቤት ማንኪያ ሰጠናት። እያንዳንዱን ከነአፈሩ አወጣችው። አንድ ቢጫ ጄሪካን አፉን ቆርጬ አመጣሁላት፤ እዚያ ውስጥ ተከለችው። ሼህ ሐሚድ አጠገቧ ቆመው ቅጠሉን በጣታቸው ዳበሱ፤ ያን ዕለት ብቻ ነው የአደራን ውስጥ የነኩት።

ሚኒባስ መናኸሪያ ልሸኛት ወጣሁ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኬላው አለ። አፈር የሞላ ጄሪካን ወደ ኩርሙክ ሲሄድ ፈታሽ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ብረቱን ይሰካበታል፤ ካልሆነም ይደፋዋል። ስለዚህ አብሬያት ተሳፈርኩ።

ኬላው ላይ የቆመው ልጅ እኔ ያሠለጠንኩት ነው። ብረቱን ይዞ መጣ። ሲያየኝ ሳቀ።

«ጋሽ ይመር፣ ሳር ማጓጓዝ ጀመሩ?»

«ልጄ፣ በብረት አትውጋው። ሥሩን ትቆርጠዋለህ። ምንም የለበትም፤ እኔ ዋስ ነኝ» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። «ጋሼ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። «‹አትፈትሽ፣ እኔ ዋስ ነኝ› የሚል ሰው ዋናው ተጠርጣሪ ነው ብለውኛል።»

ልክ ነው፤ ብያለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል። አሻ ጄሪካኑን በሁለት እጇ አቅፋለች። ወርጄ ጆሮው ላይ ነገርኩት፤ ዶሮዎቹን፣ ፍየሏን፣ ሁለቱን ክረምት። ሰማኝና ብረቱን መኪናው ላይ አስደግፎ እጅጌውን ሰበሰበ። ጣቱን በአፈሩ ውስጥ በየእግሩ መካከል ቀስ አድርጎ አስገባ፣ እስከ ታች። ሥራውን አልተወም፤ እኔም አልተቀየምኩትም። ሲጨርስ አፈሩን መልሶ በመዳፉ ጠቀጠቀው። እኔ ያን ያህል አድርጌ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬዋን አልሰማሁም። አሥራ ዘጠኝ እግር ማሽላ ምን ይሆናል? ወፍ አለ፣ ጦጣ አለ። ተስፋ ማድረግ ለእኔ አልተፈቀደልኝም ብዬ ተውኩት።

ጥር ላይ መጣች። ያቺው ሰማያዊ ቶብ ናት፣ ይበልጥ አርጅታለች። እጇ ላይ ቋጠሮ አለ። የሼህ ሐሚድ ዓይን ያኔ ጨርሶ ጠፍቶ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር አይሠሩም ነበር። ቋጠሮውን ልትሰጣቸው ስትል ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ወደ እኔ ዘረጉት።

አሻ አየችኝ። እንደዚያ ባለ አስተያየት በሕይወቴ ታይቼ አላውቅም፤ ከእግሬ እስከ ራሴ ፈተሸችኝ። እየፈተሸችኝ እንደሆነ ገብቶኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩላት። ከዚያ ከቶቧ ጫፍ ጨርቅ ቀደደች፤ መልሳ መሐል ለመሐል ቀደደችው። ግማሹን ራሷ ቋጠሮው ላይ አሰረች። ቋጠሮውን እጄ ላይ አኖረችው።

ያረፈው ግራ ጥግ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። አልሸሽግም፣ ሳስቀምጠው እጄ ከልማዱ መዘነው። ግን አልዳበስኩትም፣ አላሸተትኩትም። ኬላ ላይ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰው ዕቃውን የሰጠኝ ተገዶ ነበር። ወዶ የሰጠኝ የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው። አሁንም አፍራለሁ፤ ነገር ግን ማፈሬ ብቻውን አይደለም፣ ደስታም አለበት።

ባለፈው ወር ቅርስ መዝጋቢዎቹ መጡ። ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ በረንዳውን ለኩ፣ ኮርኒሱን ፎቶ አነሱ፣ ስለ ሃጂው ጠየቁ፣ ጻፉ። ስድስት ቁጥር በር ላይ ስንደርስ አንደኛው ቅጹን አየና ቆመ።

«ይህ ለምን ተቆለፈ? በውስጡ ምን አለ?»

«አማና» አልኩት።

«ማለቴ ዕቃው ምንድነው?»

«አላውቅም።»

«ያስቀመጠውስ ማነው?»

«ባለቤቱ።»

እስክሪብቶውን ይዞ በጎን አየኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመት የእኔ ነበር። አልተቀየምኩትም። ቁልፉን ሸሚዜ ውስጥ አስገባሁና ሰባት ቁጥርን ላሳየው ቀደም ብዬ ሄድኩ።